ወደ ቶይቮ የዞረው አፈሙዝ

አራተኛው ጥይት ሲተኮስ የኢልታ ትከሻ ወደ ኋላ ተገፋ፤ ዓይኗ ግን ከማነጣጠሪያው አልተነቀለም። ወዲያው የጠመንጃውን መዝጊያ ስባ መለሰችው። ዝናቡ የተኩስ ሜዳውን መጠለያ የቆርቆሮ ጣሪያ ይደበድባል። ከማዶ፣ በአጋዘን ቅርጽ የተቆረጠው ሰሌዳ ደረት ላይ፣ አራት ቀዳዳዎች ተጠጋግተው ይታያሉ።

«አንቺ ሰው ነሽ ግን?» አለ ቶይቮ ከኋላዋ። እሱ ከተኮሳቸው አራት ጥይቶች ክቡ ውስጥ የገቡት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«ጌም ዝም ብሎ ጨዋታ አይደለም ስልህ አልሰማ አልክ።»

«እኔስ ካንቺ ጋር አይደል እንዴ የምጫወተው?»

«አንተማ እየተጫወትክ ትበላለህ። እኔ እተኩሳለሁ።»

ሁለቱም ዘጠነኛ ክፍል ናቸው፤ ቤታቸውም የሚለየው በአንድ የድንች ማሳ ነው። ከትምህርት ቤት እንደተመለሱ በየቤታቸው የጆሮ ማዳመጫቸውን አድርገው፣ በአንድ ቡድን ሆነው ኢንተርኔት ላይ ሲታኮሱ ያመሻሉ። መኸር ሲገባ የመንደሩ አዋቂ ሁሉ ከአጋዘን አደን ሌላ ወሬ የለውም። ዘንድሮ ሁለቱም አሥራ አምስት ስለሞላቸው የተኩስ ፈተና እንዲወስዱ ተፈቀደላቸው። የኢልታ አባት ኢስሞ «በአውራ ጣት የሚተኮስ ጠመንጃ» እያለ በጌሟ ሲያሾፍባት ስለኖረ፣ ኢልታ ይቺን ቀን ስትጠብቃት ነው የከረመችው።

የአደን ማኅበሩ መሪ ሄልቪ በመነጽሯ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ሰውን ስትመለከት ዛሬም በመስታወት ውስጥ የምታይ ይመስላል።

«ማን አስተማረሽ?»

«ራሴ። በጌም።»

ኢልታ ሄልቪ ትስቃለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልሳቀችም። «ያስታውቃል። ዓይንሽ ዒላማውን ቶሎ ነው የሚያገኘው፤ ትንፋሽሽም አይረበሽም። ሌሎች ተጫዋቾች ላይም አይቼዋለሁ። በቃ፣ አልፈሻል። ቅዳሜ ጠመንጃ ይዘው ከሚጠብቁት አድፋጮች ጋር ነሽ፣ ከአባትሽ ቀጥሎ።» ወደ ቶይቮ ዞረች። «አንተ ከአባራሪዎቹ ጋር ነህ። አጋዘኑ እስኪወጣ ጫካውን እየጮህክ ታቋርጣለህ። በድምፅ እንደሆነ አትታማም።»

በዚህ መሃል የሄልቪ ስልክ ጠራ። ከተኩስ በኋላ ጠመንጃ ሁሉ በእሷ እጅ ነበር የሚፈተሸው፤ የዚያን ቀን ግን «አራግፊና ወደ ጎጆው ኑ» ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ወጣች።

ኢልታ ካዝናውን ነቅላ ኪሷ ከተተችና ጠመንጃውን አነሳች። ከኋላዋ አንድ ነገር ጧ! አለ።

ሐሳብ አልነበረም። እጇ፣ ወገቧ፣ ዓይኗ በአንድ ጊዜ ዞሩ። ሰደፉ ትከሻዋ ላይ ተተከለ፤ ጣቷ ቃታው ላይ ነበር። አፈሙዙ ቀጥ ብሎ የቆመው ቶይቮ ደረት ላይ ነው። ግድግዳ ተደግፎ የነበረውን ሌላ ሰሌዳ እሱ ነበር የጣለው።

«ሞቼልሻለሁ!» አለ ቶይቮ እጆቹን እየሰቀለ። «ደግሞ ወገን አይመታም፣ ረሳሽው እንዴ?» በጌማቸው ውስጥ የገዛ ጓደኛህን ብትተኩስበትም ጥይቱ አልፎት ነው የሚሄደው።

ኢልታም ሳቀች። «ባዶ ነው ባክህ» አለችና ልታሳየው መዝጊያውን ሳበች።

ጥይት ዘላ ወጣች። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተንከባለለችና ቶይቮ እግር ሥር ቆመች።

ሳቁ እዚያው ተቆረጠ። ፈተናው የሚጠይቀው አራት ጥይት ነበር፤ ኢልታ ግን እንደ ልማዷ ካዝናውን ሞልታ አምስት አጉርሳ ኖሯል፤ ካዝናው ሲነቀል አምስተኛዋ ጠመንጃው ውስጥ ቀርታለች። በጌሙ ካዝና ሳይሞላ መውጣት የጀማሪ ሥራ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» ሄልቪ በሩ ላይ ቆማለች። ጥይቷን አይታታለች።

ኢልታ አፈሙዙን ወደ መሬት አወረደች።

«ከኪሴ ወድቃ ነው» አለ ቶይቮ።

«ጥይት ከረሜላ ነው እንዴ በኪስህ የምትበትነው? አንሳ! ሁለተኛ እንዳላይ።»

በብስክሌት ወደ ቤት ተመለሱ። የቶይቮ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ «በቃ አለፈ፣ እርሺው» አላት። ድምፁ ቀጭን ነበር።

ኢልታ አልረሳችውም። የሒሳብ አስተማሪው ስሟን ሲጠራ ደንግጣ ቆመች፤ ለምን እንደቆመች ግን አላወቀችም። ቤት ስትገባ ከማቀዝቀዣው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ማቀዝቀዣው ትመላለሳለች።

«ምን ሆነሽ ነው? ጉንዳን የወረረሽ ትመስያለሽ» አለ አባቷ። አዲስ ብርቱካናማ የአደን ሰደርያ ገዝቶላት በር አጠገብ ሰቅሎታል፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ሰው እንደለበሰው ሁሉ ትከሻውን ያስተካክለዋል። «ስለ ቅዳሜ ነው አይደል? እኔም የመጀመሪያዬ ጊዜ እንዲሁ ነበርኩ። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ።»

«አዎ» አለች ኢልታ።

ቶይቮ ጌሙ ላይ ከጠፋ ሰንብቷል። ረቡዕ ከሰዓት ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ገባች። እንደ ወትሮው ጎበዝ ነበረች። ኮቴ በሰማች ቁጥር ትዞራለች፣ ትተኩሳለች፣ ካዝና ትቀይራለች። ታዲያ አንዱ የቡድኗ ልጅ ስትተኩስ በፊቷ ሮጦ አለፈ። ጥይቶቿ በጀርባው ገብተው በደረቱ ወጡ፤ ልጁ ሩጫውን ቀጠለ።

ይሄ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሆን አስቦት የሚያውቅ ሰው የለም። ከዚያ በኋላ ማየት የቻለችው ያንኑ ብቻ ነበር፤ ቀይዋ የማነጣጠሪያ ነጥብ በጓደኞቿ ራስ፣ በጓደኞቿ ጀርባ ላይ ያለማቋረጥ ስትመላለስ። የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀች። ጌሙን ዘጋችው።

ሐሙስ ጠዋት ከቶይቮ መልእክት መጣ፦ «ጉንፋን ይዞኛል። ቅዳሜ አልመጣም።»

በምሳ ሰዓት ግን ትምህርት ቤቱ ሐሙስ ሐሙስ የሚያቀርበውን የአተር ሾርባ ሁለት ሳህን ጠርጎ፣ ፓንኬኩን በጃም ሲያጣጥም አየችው። ሲወጣ ተከትላ ብስክሌት ማቆሚያው ጋ ያዘችው።

«ጉንፋን የያዘው ሰው እንዲህ አይበላም።»

«ተይኝ ኢልታ።»

«ምን አደረግኩህ?»

ቶይቮ የብስክሌቱን ቁልፍ መፍታት አቃተው፤ ደጋግሞ ሳተው። «አንቺ ወዳለሽበት አቅጣጫ እኮ ነው የምንወጣው። ቅርንጫፍ እየሰበርን፣ እየጮህን። ድምፅ ስትሰሚ ምን እንደምትሆኚ አይቻለሁ። ያኔ ስትዞሪ ፊትሽን አላየሽውም፤ እኔ ነኝ ያየሁት። አላወቅሽኝም።»

«ሆን ብዬ አይደለም!»

«አውቃለሁ። እሱ ነው እኮ የሚያስፈራው።»

ኢልታ የሚይዙት ነገር የጠፋቸውን እጆቿን ኪሷ ከተተች። «ለሄልቪ ልንገራት?»

«አበድሽ? እኔም ዋሽቻለሁ እኮ! ሁለታችንንም ነው የምታባርረን። አባቴ ደግሞ ይገድለኛል። ዝም ብለሽ ሂጂ። እኔ ቤቴ እተኛለሁ፤ ማንም አይጎዳም።»

«ሌሎቹ አባራሪዎችስ?»

ቶይቮ ብስክሌቱ ላይ ጎንበስ አለ። ቁልፉ ተፈታለትና ሄደ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የማኅበሩ ጎጆ ግቢ በጉም ተሞልቷል። ውሾቹ ገመዳቸውን እየጎተቱ ያለቅሳሉ፤ ብርቱካናማ የለበሱ ሰዎች እሳት ዙሪያ ቋሊማ እየጠበሱ በዝቅተኛ ድምፅ ይቀላለዳሉ። ኢልታ አንዴ በአንድ እግሯ፣ አንዴ በሌላው ትቆማለች። ትከሻዋ ላይ ያለው ጠመንጃ ወደ መሬት የሚጎትታት መሰላት። በጌሙ ጠመንጃ ክብደት የለውም።

ሄልቪ ካርታ ዘርግታ ቦታ ማደል ጀመረች። «ኢስሞ፣ አሮጌው ድልድይ። ኢልታ፣ ከእሱ ቀጥሎ ትልቁ ድንጋይ ጋ። አባራሪዎች ከረግረጉ በኩል…»

«ሄልቪ» አለች ኢልታ። «ያቺ ጥይት የኔ ነበረች።»

«የትኛዋ?»

«ያን ቀን መሬት ላይ ያየሻት። ከኪስ አልወደቀችም። ጠመንጃው ውስጥ ነበረች። ባዶ መስሎኝ… ድምፅ ስሰማ ዞርኩ።»

እሳት ዙሪያ የነበሩት ሰዎች ወደ እሷ ዞሩ።

«ጣትሽ ቃታው ላይ ነበር?»

«ነበር።»

«አፈሙዙስ ወዴት ነበር?»

ኢልታ የጫማዋን አፍንጫ አየች። «ወደ ሰው።»

ሄልቪ ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ካርታውን ቀስ ብላ አጠፈች። «ሳልፈትሽ የሄድኩት እኔ ነኝ። ያ የኔ ጥፋት ነው፤ ለማንም አልሰጠውም። አንቺ ግን ዘንድሮ ጠመንጃ አትይዥም። ዓይንሽ ጥሩ ነው፣ ያልኩትን አላጥፍም። በጸደይ ነይ፤ ያለ ጥይት፣ ከአያያዝ እንጀምራለን።»

አባቷ ወደ እሷ መጣ። ጆሮዎቹ ቀልተዋል። ጠመንጃውን ከትከሻዋ ወሰደ፣ መዝጊያውን ከፈተ፣ በዓይኑ አየ፣ በጣቱ ዳሰሰ፤ ከዚያ መኪናው ውስጥ ቆለፈበት። ሲመለስ አጠገቧ ቆመ።

«ለኔ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ሰደርያውን እንደዚያ ስታስተካክለው እያየሁ… አልቻልኩም።»

ኢስሞ ጎንበስ ብሎ ተከፍቶ የነበረውን የሰደርያዋን ዚፕ አገጯ ድረስ ሳበላት፤ ትንሽ በኃይል ነበር።

«አባራሪዎቹ አንድ ሰው ጎድሏቸዋል» አለች ሄልቪ ወደ ማንም ሳታይ።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ኢልታ።

ከዚያ ፈንጠር ብላ ስልኳን አወጣች። «ነግሬያታለሁ» ብላ ጻፈች። «ስምህን አልጠራሁም። ጠመንጃ የለኝም። ከአባራሪዎቹ ጋር ነኝ።»

መልሱ ሳይዘገይ መጣ። «ደደብ።»

ስልኩን እያየች ቆየች። ሰዎቹ እሳቱን ማጥፋት፣ ውሾቹን መፍታት ጀመሩ። ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ግራ እግር ጫማዬ ጠፍቶብኛል። እናቴ የት እንዳደረገችው አላውቅም።»

ኢልታ ስልኩን ኪሷ ከታ በእርጥቡ ሣር ላይ ወደ ሄልቪ ሮጠች።

«ትንሽ እንጠብቅ?»

«ለምን?»

«አንድ ሰው እየመጣ ነው።»