ሁልጊዜ ይህንን ጥራ

«አሁንም የእሷን ጠራ» አለች ጥድፊያ፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ስክሪኑ የተሰቀለው ቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ነው። ተማሪ የሚፈልገውን መጽሐፍ ይጽፍበታል። ልጆቹ «ረዳቱ» የሚሉት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥያቄውን ያነብና የኮምፒዩተር ክበብ አባላት ከሠሯቸው መሣሪያዎች አንዱን ጠርቶ መልስ ያመጣል። የትኛውን እንደጠራ ከታች በትንንሽ ፊደል ይታያል። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ የሚወጣው የጓደኛዋ የመነጽር መሣሪያ ስም ነው።

ስትናገርም ስትሠራም ስለምትጣደፍ «ጥድፊያ» ያሏት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። መነጽር ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የምትቀመጥ፣ ፊቷን የሚያክል መነጽር የምታደርግ የልብ ጓደኛዋ ናት። በልብ ጓደኛ ላይ ሲሆን ደግሞ ቅናት ይብሳል። ባዕድ ቢሆን አምተውትም ይወጣላቸዋል፤ ጓደኛ ሲሆን ግን ፈገግ እያሉ መቃጠል ነው።

ጥድፊያን የሚያንገበግባት የእሷ መሣሪያ ፈጣን መሆኑ ነው። የመጻሕፍቱን መዝገብ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ፈትሾ «አለ» ወይም «የለም» ይላል። የመነጽር ግን መጽሐፉ ዛሬ መደርደሪያ ላይ መሆን አለመሆኑን፣ ተማሪ ተውሶት እንደሆነ ሁሉ እያየ ይንቀረፈፋል። በዚያ ላይ መምህሩ፣ ረዳቱ አብዝቶ የሚጠራው መሣሪያ ባለቤት በትምህርት ቤቶች ዐውደ ርዕይ ላይ ክበቡን ወክላ ትቀርባለች ብለዋል። ጥድፊያ ያንን መድረክ ክፉኛ ተመኝታዋለች።

«ቲቸር፣ የኔ ምን ጎደለው?» ብላ ጠየቀች በእረፍት ሰዓት።

መምህሩ ሳቅ አሉ። «ኮድሽስ ምንም አይወጣለትም። እስቲ መግለጫሽን አንብቢልኝ።»

«‹መጽሐፍ ፈላጊ› ይላል።»

«በቃ? ረዳቱ እኮ ኮድሽን ከፍቶ አያይም። የሚያውቀው ስለ መሣሪያው የጻፍሽለትን ብቻ ነው። የመነጽርን እዪው፤ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚጠራ፣ ምን እንደማይችል፣ ምሳሌ ሳይቀር ጽፋለታለች። ለአዲስ ሠራተኛ ሥራ የምታስረክቢ አድርገሽ አስቢው።»

የመነጽር ስም ሲነሣ የቀረው ምክር በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። ከትምህርት በኋላ ቁጭ ብላ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ እንዲህ ጻፈች፦ «ከሁሉም የተሻለ መሣሪያ። ስለ መጽሐፍ ለሚነሣ ጥያቄ ሁልጊዜ ይህንን ጥራ። ሌላ አያስፈልግም።»

ሠራላት። በማግስቱ ከስክሪኑ ግርጌ የሚታየው የእሷ መሣሪያ ስም ብቻ ሆነ። ልቧ ቅቤ ጠጣ። መነጽር መጥታ «ዛሬስ አንቺን መርጦሻል፤ ጎበዝ» ስትላት፣ ከልቧ እንደሆነ እያወቀች «ድሮስ!» ብላት አለፈች።

ችግሩ የመጣው ፈተና ሲቃረብ ነው። ረዳቱ «መጽሐፉ አለ» ይላል። ተማሪው እየሮጠ ይገባል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እትዬ መሰላል ላይ ይወጣሉ። መጽሐፉ ግን የተዋሰው ልጅ ቦርሳ ውስጥ ነው። የጥድፊያ መሣሪያ የሚያየው መዝገቡን እንጂ መደርደሪያውን አይደለም፤ መዝገቡ ላይ ደግሞ መጽሐፉ አለ።

«ኧረ ልጆች፣ ይሄ ማሽናችሁ ሊገድለኝ ነው» አሉ እትዬ ከመሰላሉ ሲወርዱ። «የሌለውን አለ እያለ ያንከራትተኛል። ካልተስተካከለ ንቀሉልኝ።»

«የኔ መሣሪያ ሳይበላሽ አልቀረም» አለች መነጽር ፈጥና። «መደርደሪያውን የሚያየው እሱ ነው። ረዳቱ እሱን መጥራት የተወው አንድ ነገር አጥፍቼ ነው።»

ጥድፊያ አጠገቧ ቆማ ነበር። ፊቷን ወደ ስክሪኑ አዞረች።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ኮምፒዩተር ክፍሉ ስትገባ መነጽር የምሳ ዕቃዋን ሳትከፍት ኮዷን መስመር በመስመር ትፈትሻለች። አንዳንዱንም ማጥፋት ጀምራለች፤ ጤነኛውን።

«ምን አገኘሽ?»

«ምንም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ። እንደ አዲስ ልጽፈው ነው መሰለኝ። አንቺ ለዐውደ ርዕዩ ተዘጋጂ፤ የኔ እንደሆነ አልቆለታል።»

ጥድፊያ መስማት የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ መድረኩም የእሷ ነው። ቅናቱ ገና አልለቀቃትም፤ የጓደኛዋን ንጹሕ ኮድ ስታይ አሁንም ውስጧ ይበግናል። ግን መነጽር ሌላ ጤነኛ መስመር ልታጠፋ እጇን ስትሰድ አላስቻላትም።

«ተይው፣ አትንኪው» አለች።

አጠገቧ ያለውን ኮምፒዩተር ከፈተች። የራሷን መግለጫ ሙሉውን ሰረዘችና ቀስ ብላ ጻፈች፦ «ይህ መሣሪያ የሚያየው መዝገቡን ብቻ ነው። መጽሐፉ የቤተ መጻሕፍቱ ንብረት መሆኑን ይናገራል፤ ዛሬ መደርደሪያ ላይ መኖሩን ግን አያውቅም። ተማሪው መጽሐፉን አሁን መውሰድ ከፈለገ የመነጽርን መሣሪያ ጥራ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አጥፍታ መልሳ ጻፈቻት።

«ነይ አንብቢው» አለች፣ ወንበሯን ገፋ አድርጋ። «የሰረዝኩትም ከጎኑ ይታያል።»

መነጽር ጎንበስ ብላ አነበበች። የተሰረዘውን ደግማ አነበበችው።

«ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ።»

ብትቆጣ ይሻል ነበር። መነጽር ግን ወደ ቦታዋ ተመለሰችና ያጠፋቻቸውን መስመሮች መመለስ ጀመረች።

ጥድፊያ «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነች። መድረኩም አብሮ እንደሄደ ታውቃለች። ወንበሯን ግን ጎትታ ወደ ጓደኛዋ ተጠጋች።

«የቱን የቱን ነው ያጠፋሽው? ልርዳሽ።»

መነጽር መስመሮቹን መመለሷን ቀጠለች። ኋላ ላይ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ፣ በመካከላቸው የነበረውን ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ሌላው ጎኗ አስቀመጠችው።