የካርዳኑ ጩኸት

ሬሳው ከመኪናዋ ሥር ሲወጣ መርማሪዋ የምታየው አስፋልቱን ነበር። ቁልቁለቱ መሀል ላይ መሬቱ ማረሻ የገባበት ይመስል ተቦድሷል። ጉልበትን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ፣ ካርዳኑ፣ ከፊት በኩል ወልቆ መሬቱን ሲወጋ ያቺ ከፍ የተደረገች ፎርዊል መኪና ተገልብጣ ነጂዋን ገድላለች።

መኪናዋን ከፍ ያደረጋት መካኒኩ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ፖሊስ አስሮታል።

«ታናሽየው ተማሪዬ ነበር፤» አሉ ሙያውን ያስተማሩት አዛውንት ባለጋራዥ። «መኪና በረጅም ሱስታ ከፍ ሲል ካርዳኑ በሰያፍ ይዞራል፣ ይጮሃል። ብነግረው አልሰማ አለ። ዛሬማ ደንበኛው ሁሉ እሱን ነው የሚጠራው፤ እኛ አርጅተናል።»

«እርስዎስ ነክተዋታል?»

«ግሪስ ብቻ። በፓምፕ፣ ከውጭ። ካርዳኑን አልፈታሁም።»

መርማሪዋ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ሚስትየዋ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ባሌን የገደለችው ጣውንቴ ናት!»

«ማናት እሷ?»

«መኪናዋ ናታ! እኔን ጉንፋን ሲይዘኝ ‹ይለቅሻል› ይላል፤ እሷ ካስነጠሰች ግን ሥራ ይቀራል።»

«ማስነጠስ የጀመረችው መቼ ነው?»

«የወንድሙ መምህር ጋሼ ጋራዥ ግሪስ ተቀብታ ስትመለስ። ወንድሙ ከፍ ያደረጋት ሰሞንማ ገበያ ደርሰን ስንመለስ እንቅልፍ ወስዶኛል። በኋላ ነው ጥርሴን ማንገጫገጭ የጀመረችው። ጋዝ ቢረግጥም ቢለቅም ያው ነው።»

ጣቢያ የታሰረው ታናሽ ወንድም ይህን ከመርማሪዋ ሲሰማ ቀና አለ። «የከፍታ ጣጣ ቢሆንማ ጋዝ ሲረገጥና ሲለቀቅ ድምፁ ይለያይ ነበር። ዲፈረንሻሉ፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ጥርስ ቤት፣ ጋዝ ሲሰጠው አንገቱን ያነሳል፤ ሰያፉም ይለወጣል።»

አባባሉ ለራሱ የሚጠቅም ስለሆነ መርማሪዋ አላመነችውም። ሌላ ከፍ ያለች መኪና አስነድታ ወለሉ ላይ ተጎንብሳ አዳመጠች። ድምፁ እውነትም ከጋዙ ጋር ይለዋወጣል። ከዚያ የተሰበረችውን መኪና የፊቱንም የኋላውንም ካርዳን አስፈታች።

በማግስቱ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እስረኛው እጁ በካቴና ነው። የኋላው ካርዳን ለሁለት ተለያይቶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል።

«አንዱ ግማሽ ሌላው ውስጥ በጥርስ ይገባል፤» አለች። «ታናሽየው ቦታቸው እንዳይሳሳት በቀለም ምልክት አድርጎ፣ ነጭ ነጥብ ከነጭ ነጥብ አገናኝቶ ነው የገጠመው። ሳስፈታው ግን ነጥቦቹ ተላልፈው ነበር። ጥርሱ ከተላለፈ ዘንጉ ይንቀጠቀጣል፤ ጋዝ ቢረገጥም ቢለቀቅም። ያ መንቀጥቀጥ ነው ካርዳኑን ከፊት በኩል የያዙትን ቡሎኖች ያላላቸው።»

«ራሱ አሳስቶ ገጥሞት ቢሆንስ?» አሉ ባለጋራዡ።

«ታዲያ ከገበያ ሲመለሱ ሚስትየዋ እንዴት እንቅልፍ ወሰዳት? ደግሞ የፊተኛው ካርዳን ውስጥ ታናሽየው የሚቀባው ጥቁር ግሪስ አሁንም አለ። የዚህኛው ጥርሶች ላይ ያለው ግን የእርስዎ ጋራዥ ቀይ ግሪስ ብቻ ነው። ከውጭ በፓምፕ ቢሰጥ ከጥቁሩ ጋር ይደባለቅ ነበር። ካልተፈታ፣ ጋሼ፣ ጥቁሩን ማን ጠረገው?»

ባለጋራዡ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ላሳፍረው ነበር እንጂ...» አሉ። «‹መምህርህን በለጥከው› ሲሉት በጆሮዬ ሰማሁ። አንድ ቀን እንኳ ሥራው ይጩህበት ብዬ ነው። ሰው ይሞታል አላልኩም።»

«መኪናዋ ስትጮህበት ግን ባሌ የመጣው ወደ እርስዎ ነው!» አለች ሚስትየዋ። «‹ጋሼ ካላዳመጣት አላምንም› ብሎ!»

«አዎ፤ መጣ። ‹የከፍታው ነው፤ ይለመዳል› ብዬ መለስኩት።»

ፖሊሱ ካቴናውን ፈታ። ታናሽየው አንጓውን እያሻሸ መምህሩ ፊት ቆመ፤ እጁን ያነሳል ብለው ሁሉም ፈሩ።

«ወንድሜ እኔን አንድም ቀን ‹አዳምጥልኝ› ብሎኝ አያውቅም፤» አለ። «መኪናዋን ከፍ ያደረግኳት እኔ ነኝ፤ ግን የሚያምነው እርስዎን ነበር። ጋሼ፣ እኔ እኮ በእርስዎ ስቀና ነው የኖርኩት።»