ሪሚክሱ ሳይወጣ

ታረቀ የተገኘው ላፕቶፑ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነው። የጆሮ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ነበር። ከኋላ ጭንቅላቱን የፈነከተው የማይክ ማቆሚያ ከወንበሩ ሥር ወድቋል። ረቡዕ ረፋድ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አከራዩ «ውሃ መጥቷል፣ ጀሪካንህን አውጣ» ሊሉት በሩን ገፉ። ጩኸታቸው እስከ መናኸሪያው ተሰማ።

ኢንስፔክተር የብርጓል ስትደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሲያዩዋት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ የምትመስል ቀጭን ሴት ናት፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የዋሸ ሰው ግን ስሟ ሲነሳ ያስለዋል። የታረቀ ስቱዲዮ የተባለው ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ አንድ ክፍል ነው። ገብታ በሩን ዘጋች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ የኪስ ቦርሳው ኪሱ ውስጥ አለ። ከላፕቶፑ የወጣ አጭር ገመድ ግን ጫፉ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

«እዚህ ጫፍ ላይ ምን ነበር?» ብላ አከራዩን ጠየቀች።

«ሃርድ ዲስክ ነው የሚለው። ሥራው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው» አሉ ሽማግሌው እንባቸውን እየጠረጉ።

ሌባ ቢሆን ስልኩን ትቶ ዲስክ አይነቅልም። የተፈለገው ሥራው ነበር።

ሥራው ደግሞ አማኙን ወር ሙሉ ሲያነታርክ የከረመ ነው። «የማለዳ ጠል» የሚባል የዘማሪዎች ባንድ አለ፤ በሰፈሩ የጸሎት አዳራሽ ጊታርና ድራም ይዞ በሮክ ስልት የሚዘምር። ታረቀ የባንዱን መዝሙሮች ወስዶ በዳንስ ምት እንደገና አቀናብሮ የሪሚክስ አልበም ሠራላቸው። ሊወጣ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ወጣቶቹ ጮቤ ረገጡ፤ ትልልቆቹ «እግዚኦ!» አሉ። «በጎጃም ምድር ትከሻ መነቅነቅ ከመቼ ወዲህ ነው የሚያሳፍረው?» ያለም አልጠፋ። ወይ ጉድ! ንትርኩ ደም ያፈሳል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

«ነገሩ አልቋል» አላት አለቃዋ ኮማንደር አማረ ከሰዓት በኋላ። «ዘማሪዋ ሶልያና ትናንት እዚያ ግቢ ውስጥ ‹ያንን ዲስክ ሳላቃጥለው እንቅልፍ አይወስደኝም› ብላ ስትጮህ ጎረቤት ሰምቷል። ሻሿም ወንበሩ ላይ ተገኝቷል። አስገብቻታለሁ። ዓርብ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ ጌታዬ።»

«አንቺ ደግሞ! እሺ፣ እስከ ዓርብ ልቀሚያ።»

ሶልያና ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ሃያ አራት ነው። ከባንዱ ድራመር ከአንተነህ ጋር ሠርጋቸው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«ዲስኩን አቃጥለዋለሁ ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

«ለምን?»

«እናቴን ሳስታምም የደረስኩት መዝሙር ነበር። እያለቀስኩ የዘመርኩትን የሚጨፈርበት አደረገው፤ ደሜ ፈላ። ማታ ግን ደውሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ያንን አንዱን ከአልበሙ አወጣዋለሁ ብሎ ቃል ገባልኝ። ሻሼንም ያኔ በንዴት ጥዬው ወጥቼ ነው።»

«ዛሬ ረፋድ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ ልብስ ሳጥብ። ብቻዬን።» ጣቶቿን አቆላለፈች። «እመቤቴ፣ ነገ ቢፈቱኝ እንኳ ማን መድረክ ላይ ያቆመኛል? ልጅ ብወልድ የገዳይ ልጅ ሊባል ነው። የገደለው ሰው ካልተገኘ እኔ አለቀልኝ።»

የብርጓል ይህን ቃል አልረሳችውም። «በአልበሙ ሌላ ቅር ያለው ሰው አለ?»

«ጋሽ እንዳላማው፣ ሽማግሌያችን፣ ጨርሶ አልወደዱትም። አንተነህም ትንሽ ከፍቶት ነበር። ታረቀ ‹ለዳንስ ድራመር አያስፈልግም› ብሎ ድራሙን አውጥቶ በማሽን ተካው። ግን አንቱ የተባለ ቻይ ነው፤ ምንም አላለ።»

ሐሙስ ማለዳ ኢንስፔክተሯ ወደ ጸሎት አዳራሹ ወጣች። ከስቱዲዮው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ዋናውን መንገድ ተሻግሮ። ጋሽ እንዳላማው መጥረጊያ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«እርስዎ ይህን አልበም ጠልተውት ነበር አሉ።»

«አዎ፣ ጠልቼዋለሁ። ልጁን ግን እወደው ነበር።» መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ። «ትናንት ለሽምግልና አማኑኤል ከተማ ወርጄ፣ ከዚያው በአራት ሰዓት ከአሥር ደወልኩለት። ‹ቅዳሜ ይምጡና ይስሙት፣ ካልወደዱት እኔው አጠፋዋለሁ› አለኝ። እንደዚያ ነበር ልጁ።»

የታረቀ ስልክ ላይ ጥሪው በሰዓቱ ነበረ፤ አማኑኤልም አብረዋቸው የተቀመጡት ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው። እንግዲህ ታረቀ እስከ አራት ሰዓት ከአሥር በሕይወት ነበር።

«የአዳራሹ ቁልፍ እነማን ጋ አለ?»

«እኔና አንተነህ ጋ። ትናንት ማምሻውን ልዘጋ ስመጣ የድምፅ ማቀናበሪያው ሚክሰር ላይ ፍላሽ ተሰክቶ አገኘሁ። ይጠፋል ብዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት።»

ፍላሹን ተቀብላ ኪሷ ከተተችው።

አንተነህ ውስጥ ነበር። ትልቁን ድራም በጨርቅ ይወለውላል። ረጅም ነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ትናንት ከአራት እስከ አምስት ሰዓት?»

«እዚሁ ስለማመድ ነበር። አልበሙ ባይፈልገኝም እሑድ አምልኮ ላይ እፈለጋለሁ።»

«አላረፍክም? ውሃ እንኳ ለመጠጣት?»

«አንድ ደቂቃም! ላብ አጥምቆኝ ነበር። ጎረቤታችንን እትዬ ፈንታዬን ይጠይቋቸው፤ ስመታ እየረገሙኝ ነው የሚውሉት። የታረቀን መሞት ሰዎች የነገሩኝም እዚሁ መጥተው ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሶልያና ትፈታ ይሆን?»

«እሱን አብረን እናያለን» አለች የብርጓል።

ወይዘሮ ፈንታዬ ከአዳራሹ ግድግዳ ጋር የተያያዘ የልብስ ስፌት ቤት አላቸው። በመብራት የሚሠራ መኪናቸው ላይ አጎንብሰው ያልተጨረሰ ቀሚስ ይሰፋሉ።

«ሰማሁ ወይ? አይ አንቺ! ጆሮዬ ተበጥሶ ቢወድቅልኝ እላለሁ። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ዱም ዱም ዱም! ትናንት ሊጠይቅ ለመጣው ፖሊስም ተናግሬያለሁ።»

«እስከ አምስት ያለ ማቋረጥ?»

«መብራት የሄደች ጊዜ ተመስገን ብያለሁ።» ቀና አሉ። «መርፌዬ እንደተሰካ ጨርቁ ላይ ቀረ፤ እሱም እዚያው ዝም። ግማሽ ሰዓት ያህል ሰላም አገኘሁ። ብልጭ ስትል ግን፣ እኔ መኪናዬን ሳልረግጥ እሱ ቀደመኝ!»

«ለፖሊሱ ይህን ነገሩት?»

«‹ከአራት እስከ አምስት ሲመታ ሰምተዋል?› አለኝ፣ ‹አዎ› አልኩት። ስለ መብራት መች ጠየቀኝ?»

«መብራቱ የሄደው ከተማው በሙሉ ነው?»

«ምን ከተማው! የእኛ መስመር ብቻ ነው። ከመንገዱ ማዶ ወፍጮው ሲያጓራ ነበር።»

 የብርጓል ወይዘሮ ፈንታዬን እጅ ነስታ ወጣች፤ ወደ ጣቢያው ስትወርድ እርምጃዋ ፈጠነ።

ያን ዕለት አሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ጋሽ እንዳላማው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ፈንታዬ የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንደጣሉ መጡ። ሶልያና በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆመች። ኮማንደር አማረ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አመጣሽኝ» እያለ አጉረመረመ፤ ቢሆንም ኢንስፔክተሯ በጆሮው የነገረችውን ሰምቶ በሩ አጠገብ ካለው ቆጣሪ ዘንድ ቆመ።

የብርጓል ማይክ ያዘች። «አንተነህ፣ እስኪ እንደ ትናንቱ ምታልን።»

«አሁን? በሐዘን ላይ?»

«ለሶልያና ስትል።»

በትሮቹን አነሳ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ጀመረ፤ እየቆየ እጁ ሞቀ፣ አዳራሹ ተናወጠ። በእውነቱ ልጁ ሲመታ ያምርበታል። የብርጓል በማይኩ ጮክ ብላ ትናገር ጀመር፦ «ታረቀ የሞተው ከአራት ሰዓት ከአሥር በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ድራመራችን እዚህ ነበር...»

ኮማንደሩ የቆጣሪውን ማጥፊያ ዝቅ አደረገው። ማይኩ ተቆረጠ፣ አምፖሎቹ ጠፉ። የሷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ድራሙ ግን ዱም ዱም እያለ ቀጠለ፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት። አንተነህ የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ማረፉን ሲያይ ነው እጁ የደረቀው።

«አያችሁ» አለች የብርጓል ያለ ማይክ። «ድራም መብራት አይፈልግም። ትናንት ግን መብራት ሲሄድ አብሮ ሄደ፤ ሲመጣ አብሮ መጣ። እትዬ ፈንታዬ የሰሙት ስፒከር ነው።»

«እኔ እኮ...» አለ አንተነህ። «መብራት ሲሄድ ትንሽ አርፌ ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት አንድ ደቂቃም አላረፍኩም ብለኸኛል። መብራት መሄዱን አላወቅህማ። ከመንገዱ ማዶ ነበርክ፤ እዚያ አልሄደም።» ፍላሹን ከኪሷ አወጣች። ኮማንደሩ ቆጣሪውን መለሰው፤ ሚክሰሩ ላይ ሰካችው። ማንም ቁልፍ ሳይነካ ድራም ብቻ፣ ያለ ጊታር፣ ያለ ዜማ፣ አዳራሹን ሞላው። ወይዘሮ ፈንታዬ «እሱ ነው! እሱው ነው!» ብለው ተነሱ።

የብርጓል ዘጋችው። «ድራሙን ከመዝሙሮቹ ለይቶ ሊያወጣ የሚችል ታረቀ ብቻ ነው። ከአልበሙ ያወጣውን ፍላሽ ላይ አድርጎ ሰጠህ። አልበሙን ጋሽ እንዳላማው ጠልተውታል፤ እሳቸው አማኑኤል ነበሩ። ሶልያና ተቆጥታበታለች፤ ማክሰኞ ማታ ሃያ ደቂቃ ማውራታቸውን የሁለቱም ስልክ ያሳያል፣ መዝሙሯንም ታረቀ ላፕቶፑ ላይ ካለው ዝርዝር ሰርዞታል። የቀረኸው አንተ ነህ። ደግሞ የአዳራሹ ቁልፍ አለህ።»

«ማስረጃ...» አለ አንተነህ።

«ትናንት ከዚህ ሳትወጣ ነው ሰው የታረቀን ሞት ነግሮህ የወሰደህ፤ ፍላሹንም በድንጋጤ ረሳኸው። ዲስኩንም ከዚህ አላወጣኸውም፤ ማታ ለቅሶ ነበር፣ ዛሬም ጋሽ እንዳላማው ቀድመውህ ገብተው ከአዳራሹ አልወጡም። ዛሬ ጠዋት ስገባ የምትወለውለው ትልቁን ድራም ብቻ ነበር፤ እጅህ ከሱ አልተላቀቀም።»

ኮማንደር አማረ ተንበረከከ። በትልቁ ድራም ቀዳዳ እጁን አስገብቶ ድምፅ እንዲያፍን የተጠቀጠቀውን ብርድ ልብስ ጎተተው። ጥቁሩ ሃርድ ዲስክ ተጠቅልሎ ወጣ። ኮማንደሩ ወደ ሶልያና ዞረና ባርኔጣውን አወለቀ።

አንተነህ ከወንበሩ አልተነሳም።

«ልገድለው አልሄድኩም» አለ። «ረቡዕ ረፋድ ጊታር ሊያስተምር ይሄዳል፤ የለም ብዬ ነው። ዲስኩን ወስጄ ልጥለው ነበር። ስገባ ተቀምጧል። ዲስኩን ስጠኝ አልኩት። ‹ድራምህን ሰጥቼህ የለም?› ብሎ ሳቀ። ዲስኩን ነቅዬ ስይዝ እንኳ አልተነሳም፤ ‹መልሰህ ታመጣዋለህ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ስድስት ዓመት መታሁ፣ እጄ እስኪደማ። ጀርባውን ሰጠኝ!»

ጋሽ እንዳላማው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሶልያና ግን አላለቀሰችም። ከፖሊሶቹ መካከል ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«ትናንት እራት ይዘህልኝ መጣህ» አለችው።

አንተነህ በትሮቹን መሬት ላይ አኖረ።

«ዛሬም ምሳ ይዘህ መጣህ። አልበላም ስል ‹በሞቴ› ብለህ አጎረስከኝ። ማን እንደገደለው እያወቅህ፣ እኔ በሱ ታስሬ፣ በዚህ እጅህ አጎረስከኝ።»

«ምንም ስላላደረግሽ ይፈቱሻል ብዬ ነው፣ ሶልዬ። እግዜር ያውቃል...»

«ባይፈቱኝስ?»

አንተነህ ዓይኑን ወደ ድራሙ መለሰ።  

ሶልያና ወደ የብርጓል ዞረች። «ልሂድ?»

«ሂጂ እህቴ። ነፃ ነሽ።»

ቀጥ ብላ በወንበሮቹ መካከል ተራመደች፤ ወደ ኋላ አላየችም። በሩን እንዳለፈች የስፌት ቤቱን ግድግዳ በሁለት እጇ ተደግፋ ጎንበስ አለች፣ የምሳውን እህል በሙሉ አስታወከችው። ወይዘሮ ፈንታዬ ውሃ በጆግ ይዘው ሮጡ፤ በአንድ እጃቸው ግንባሯን ደገፉላት።

«አውጪው የኔ ልጅ» አሏት። «ምንም አይቅር፣ ሁሉንም አውጪው።»