መደብ የሌለው ትንፋሽ

የደሴው ጦሳ ሕንፃ ሰኔ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰባተኛ ፎቁ ላይ አንድ ክፍል ወልዶ አደረ። ጥበቃው ጋሽ ይማም ጠዋት ግድግዳውን መታ መታ አደረጉና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉት። ጋሽ ይማም ሙስሊም ናቸው፣ ሕንፃም አራስ አይሆንም፤ የወሎ ሰው ግን ለወለደ ሁሉ የሚባለውን ሳይል አያልፍም።

ጦይባ አደም ወሬውን በር ላይ ሰማች። የከተማው የወለል ለኪ እሷ ናትና እልል ማለት ነበረባት።

«የትኛው ክፍል አጠገብ ነው፣ ጋሽ ይማም?»

«ሰባት መቶ ዐሥራ አራት አጠገብ፣ ልጄ። የአባትሽ ቢሮ ጎን።»

እዚያ ኮሪደር አዲስ ክፍል ስላልተወለደ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንንም ወደዚያ ሳታደርስ ኖራለች፤ ዛሬ ደግሞ የኮምቦልቻው ለኪ ከጎኗ ሆነው አዲስ የተወለደውን ሁሉ የሚያዩበት ቀን ነው።

በዚያ ዘመን የመሐል ከተማ ሕንፃ አይገነባም፤ ይበቅላል። ግድግዳው ሕያው ኖራ ይባላል። የሰው ትንፋሽና ሙቀት ያዳምጣል፤ ሠራተኛ ሲበዛ ቢሮ ይጨምራል፣ ሠራተኛ ሲጠፋ ቢሮውን መልሶ ይውጠዋል። ምግቡ የኖራ ወተት ነው፤ ከቆላ በአንድ ቧንቧ ይመጣል፣ ቧንቧው ግን የሁለት ከተማ ነው፣ የደሴና የኮምቦልቻ። አንዷ ተራራ ላይ አንዷ ሜዳ ላይ ተቀምጠው ሲፎካከሩ የኖሩት እነዚህ ጎረቤታሞች ወተቱን እንዴት ይካፈሉ ሲባል የተገኘው መላ ልኬት ነበር። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የሁለቱ የመሐል ከተማ ቢሮ ምን ያህል እንደሰፋ ይነጻጸራል። የበለጠ ያደገችው ከሦስት እጅ ሁለቱን ትወስዳለች። የመኖሪያ ቤትም የሚጠገነው በዚሁ ወተት ነውና፣ የተበለጠችው ከተማ ሰዎች የቤታቸውን ስንጥቅ በጨርቅ ወትፈው ከርሞን ይጠብቃሉ።

የኮምቦልቻው ለኪ አቶ እንድሪስ ባርኔጣቸውን እያራገፉ ገቡ። ወደ ስድሳ የተጠጉ፣ ዝምታ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው።

«ኧረ ይሄ ጉማችሁ! እሱንም ለክታችሁ ወለል ነው እንዳትሉኝ።»

«የእኛስ ጉም ነው ጋሼ፤ እናንተ አቧራ አይደል የምትለኩት?» አለች ጦይባ። አፏ ቀለደ እንጂ ልቧ ሰባተኛ ፎቅ ነበር።

የኮምቦልቻውን ቦርከና ሕንፃ ትናንት አብረው ለክተዋል። ዛሬ ጦሳን ከአዲሱ ክፍል በቀር ለክተው ሲጨርሱ ደሴ በዘጠኝ ካሬ አንሳ ተገኘች። አዲሱ ክፍል ዐሥራ ሁለት ካሬ ነው። የጦይባ አለቃ ይህን ሲሰሙ ወዲያው ደወሉ።

«ያ ክፍል ይቆጠር እንጂ! ከተማው በሦስት ካሬ ያሸንፋል እኮ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ምን እንደምትጠብቅ ልትነግራቸው አትችልም። አዲሱ ክፍል በሩን ያወጣው ወደ አባቷ ቢሮ ነው፤ አባቷ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ኮት አለ።

«ኮት» የሚሉት ልብሱን አይደለም፤ ስሙ ብቻ ነው ከልብስ የመጣው። የድሮ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ የራሱን ጉዳይ ሲያሳድድ ይውል ነበር። አለቃ ሲመጣ «አሁን እዚህ ነበር፣ ኮቱም ይኸው» ይባልለታል። ሕንፃዎች ትንፋሽ መቁጠር ሲጀምሩ ብልሃቱም አብሮ ዘመነ። የባለቤቱን የአንድ ቀን ትንፋሽ ቀድቶ ያንኑ እየደጋገመ የሚተነፍስ፣ እንደ ሰው ገላ የሚሞቅ፣ በቀጫጭን ቱቦ የተሰፋ ነገር ተሠራ። ወንበር ላይ ሰቅለውት ይሄዳሉ። የተከለከለ ነው፤ የሌለው ሰው ግን የለም። የጦይባም ኮት በዚያች ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሥራ ገብቶ ነበር።

የአባቷ የአቶ አደም ኮት ግን ባለቤት የለውም። የካርታ መዝገብ ሠራተኛ ነበሩ፤ ካረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው። ለቅሶ ቤቱ አርባ ወንበር ተደርድሮ ነበር፤ አርባው ላይ አርባ ኮት ሲተነፍስ ዋለ። እጇን የያዛት ሰው አልነበረም፤ እሷም አላለቀሰችም። በአራተኛው ቀን ዕቃቸውን ልትሰበስብ ቢሯቸው ስትገባ፣ ያ የአስም ፉጨት ያለበት ትንፋሽ እንደ ድሮው ይገባል፣ ይወጣል። ታዲያ ምን ታድርግ? ኮት የሚተነፍሰው ውሃ እየሳበ ነውና፣ ሊደርቅ የተቃረበውን የውሃ ዕቃውን ሞላችለትና በሩን ቆለፈች።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ትመጣለች። አራት ሰዓት ሲሆን ኮቱ ድምፅ በሌለው ሳቅ ይስቃል። ትንፋሹ በተቀዳበት ቀን ልክ በዚያ ሰዓት ደውላ አስቃቸው ነበር። ምን ብላ እንዳሳቀቻቸው ግን ረስታዋለች፤ ይህም ከሞታቸው እኩል ያንገበግባታል።

የባለቤት አልባ ኮት ሕጉ አንድ ነው፤ ያየው ለኪ ያጠፋዋል። ጦይባ ከእንድሪስ ጋር ሰባተኛ ፎቅ ወጥታ፣ ቁልፉን ይዛ የአባቷ ቢሮ በር ላይ ቆመች።

«ምነው?» አሉ እንድሪስ።

«ምንም» አለችና ከፈተች።

እንድሪስ ሁለት እርምጃ ገብተው ቆሙ። ከጠረጴዛው ኋላ ወንበሩ ላይ ያ ነገር ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። አቧራ የለበትም፣ ውሃው ሙሉ ነው።

«አስም አለባቸው» አሉ ዝግ ብለው። «ማን ናቸው?»

«አባቴ።»

ወሬኛው ሰውዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው በወንበሩ ጎን በጥንቃቄ አለፉ፤ ሰው እንዳይነኩ የሚጠነቀቁ ይመስሉ ነበር። የአዲሱ ክፍል በር ገና ለስላሳ ነው። ጎንበስ ብለው ገቡና ከውስጥ ጠሯት።

«ይሄማ ቢሮ አይደለም። የጠረጴዛ ቦታ የለው፣ የመብራት ቦታ የለው። ኧረ ነይ እይው፣ ጦይባ… ይሄ መደብ ነው!»

እውነታቸውን ነው። ድሮ በገጠር ቤት ለመኝታ ከጭቃ እንደሚሠራው ያለ መደብ ከግድግዳው ወጥቷል። በራስጌው በኩል ትንሽ ከፍ ብሏል። ስትዳስሰው ሞቀ።

ጦይባ የሕንፃውን ማስታወሻ በመለኪያዋ ላይ ከፈተች። ሕንፃ ክፍል ሲወልድ ምክንያቱን ይጽፋል። «መደብ የሌለው ትንፋሽ ተገኘ» ይላል፤ ከሥሩም «በትእዛዝ ቁጥር ሦስት፣ መደብ ለሌለው ሠራተኛ መደብ ይሰጠው» ይላል።

ነገሩ ገባት። የሰው ኃይል ክፍሉ እንደ ልማዱ ተንቀራፎ፣ የአባቷን የሥራ መደብ የሰረዘው ባለፈው ወር ነው። ትእዛዙን የጻፉት ሰዎች ያሰቡት የሥራ መደብን፣ ማለት ሹመትንና ወንበርን ነበር። ሕንፃው ግን ሦስት ዓመት ሲያዳምጥ ከርሟል፤ ደረቱ የሚያፏጭ፣ ቀንም ሌትም ወንበር ላይ የሆነ፣ አንድ ቀን እንኳ ወደ ቤቱ ያልሄደ ሰው። መደብ ስጠው ሲሉት፣ ለእንዲህ ያለ ሰው ይሻለዋል ያለውን መደብ ሰጠው።

«ተሳስቶ ነዋ» አሉ እንድሪስ። ሊስቁ ጀምረው ተዉት።

እንድሪስ ወደ ወንበሩ ዞረው አዩ፣ ወደ እሷም አዩ።

«ስሚኝ እህቴ። እኔ ምንም አላየሁም። ቢሮ ነው ብለሽ ጻፊው፣ ደሴም ታሸንፍ። ትናንት ቦርከና ላይ እኔም ያላሳየሁሽ በር አለ። ከኋላው የሚስቴ ኮት ነው፤ እሷም ካረፈች ቆይታለች።»

ያ ደግ ቃል ነበር የሰበራት።

«ሕንፃ እንኳ ደክሞታል፣ ይረፍ ብሎ መኝታ ሠራለት» አለች። «እኔ ልጁ ሦስት ዓመት ሥራ ላይ አስቀመጥኩት።»

አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ጠበቁ። ሰዓቱ ሲደርስ ኮቱ ትከሻውን እየነቀነቀ ሳቀ፣ ሳቁንም በረጅም ትንፋሽ ጨረሰ። ያኔ ጦይባ በሁለት እጇ አነሳችው፤ እንደ ሕፃን ይሞቃል። መደቡ ላይ አስተኛችው፣ ቱቦውን ከውሃው መዘዘች። ፉጨቱ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ከዚያም የለም።

«ጋሽ ይማም» አለች በመገናኛው፤ «የሕንፃውን ኮት ሁሉ ከዋናው ማጥፊያ ያጥፉልኝ። የእኔንም ጭምር። እስቲ አንድ ቀን በትክክል ልለካ።»

እንድሪስ ጥቂት አሰቡና ለኮምቦልቻው ጥበቃ ደውለው ያንኑ አዘዙ።

ደሴ መሐል ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሆኖ አያውቅም። የጦሳ ትንፋሽ ቁጥር ከአራት ሺህ ተንደርድሮ ወርዶ ሦስት ላይ ቆመ። የኮምቦልቻው ጥበቃ ድምፅ ተከተለ።

«ጋሼ፣ አንድ ነው የሚለው። እኔ ነኝ መሰለኝ።»

«ከሦስቱም አንዱ የኮምቦልቻ ሰው ነው» አሉ እንድሪስ መሬት መሬት እያዩ። «ሁለት ለሁለት ወጣን ማለት ነው።»

ጦይባ ያኔ መደቡ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የሦስት ዓመት ዕንባ ነበርና በቀላሉ የሚቆም አልሆነም። እንድሪስ ጫማቸውን አውልቀው መደቡ ጫፍ ላይ፣ ከኮቱ እግርጌ ተቀመጡ፤ እጇንም ያዙ።

«ለአባትሽ ለቅሶ ኮቴን ነበር የላክሁት» አሉ። «ከአርባው አንዱ የእኔ ነበር። አፉ በይኝ።»

ጋሽ ይማም ሰባቱን ፎቅ በእግራቸው ወጥተው፣ እያለከለኩ በሩ ላይ ታዩ። የሆነውን ማንም አልነገራቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፣ ልጄ» ብለው ሊቀመጡ ሲሉ መደቡ ጠበባቸውና ቆመው ቀሩ።

እንድሪስ የሚጻፈውን ተናገሩ፤ የቢሮ ዕድገት በሁለቱም ከተማ ባዶ፣ ወተቱ ለሚፈርሱት ቤቶች ይሂድ። ጦይባ ራሷን ነቅንቃ ተስማማች።

በኋላ ከሥራቸው አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማቸው። መደቡ በእግርጌው በኩል ቀስ ብሎ እየረዘመ ነበር። ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ሲሆን ጋሽ ይማም ቢስሚላህ ብለው ተቀመጡበት።

«ይለካ እንዴ?» አሉ እንድሪስ።

ጦይባ መለኪያዋን ከጉልበቷ አንስታ ወለሉ ላይ አኖረችው።

«ይቅር» አለች። ኮት ሳይሆን ሰው መጥቶበት ያደገ ወለል፣ በለኪነት ዘመኗ ሁሉ፣ ያኔ ገና ማየቷ ነበር።