ለአንጓች ችግኝ ቦታ ጠፋ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ትልልቅ ሰዎች አገሩን ሁሉ ይዘውት፣ መዳፍ የምታክል ቦታ ነፍገዋችሁ ያውቃሉ?

አንጓችን ነፍገዋታል።

አንጓች የምትኖረው ወይን አምባ በሚባል መንደር ነው። እዚያ በየደጁ ወይን ይንዠረገጋል።

አንድ ቀን ጠዋት አባቷ ባለ ሁለት ቅጠል የወይን ችግኝ ሰጣት። «የራስሽ ነው። ዛሬውኑ ትከዪው፤ ካደረ ይደርቅብሻል» አላት።

አንጓች ትንሿን ዶማዋን ይዛ ወደ ጎረቤታቸው ወደ እማማ ድንቄ አጥር ሮጠች። ቆፈረች።

ኳ! ኳ!

የጥንት ገንዳ! ከብዙ ብዙ ዘመን በፊት፣ ሰዎች ወይን በእግራቸው እየረገጡ የጨመቁበት የድንጋይ ገንዳ።

«ተይ አንቺ ልጅ! የጥንቱን ነገር ትሰብሪዋለሽ!» አሉ እማማ ድንቄ። «እዚህ አይቆፈርም!»

አንጓች ወደ አባቷ ማሳ ሄደች። ቆፈረች።

ኳ! ኳ!

የጥንት ግድግዳ!

«ተይ አንጓች!» አለ አባቷ። «እዚህ አይቆፈርም!»

«ታዲያ ለምን ሰጠኸኝ? አናቴ ላይ ልትከለው?»

አንደኛው ቅጠል ጠወለገ።

አንጓች ኮረብታው ላይ ወጣች። ጋሼ ይስማው እዚያ ናቸው፤ የጥንት ሰዎችን ዕቃ ከመሬት እያወጡ ያጠናሉ። አፈሩን በትልቅ ወንፊት ይነፋሉ። ሸክ! ሸክ! ሸክ!

አንጓች ዶማዋን አነሳች።

«ተይ ልጄ!» አሉ ጋሼ ይስማው። «እዚህ አይቆፈርም!»

«እርስዎ ግን ይቆፍራሉ!»

ጋሼ ይስማው ወደ ወንፊታቸው ዞሩ። ሸክ! ሸክ!

ሁለተኛውም ቅጠል ጠወለገ። አንጓች የተነፋው አፈር ክምር ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

ኧረ! አፈሩ ለስላሳ ነው። እጇን ሰደደች። ቆፈረች… ቆፈረች… ቆፈረች…

ኳ የለም!

«ጋሼ! እዚህስ?»

ጋሼ ይስማው ወንፊታቸውን አስቀመጡ። «እሱን እኔው ነፍቼዋለሁ። ድንጋይም የለው፣ የጥንት ነገርም የለው። ትከዪ!»

አንጓች ተከለች። ውሃ አጠጣች። ቁጭ ብላ ጠበቀች።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንደኛው ቅጠል ቀና አለ። ከዚያ ሁለተኛው።

ማታ አባቷ ብርድ ልብስ አለበሳት።

«በይ አሁን ይቅር በይን። እማማ ድንቄን?»

«አልልም።»

«ጋሼ ይስማውንስ? ቦታ ሰጡሽ እኮ!»

«ቦታውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። አልልም።»

«እኔስ፣ አባትሽ?»

አንጓች አባቷን እቅፍ አደረገችው። ሆዷ ጠግቧል፤ እግሯ ሞቋል፤ ችግኟም ቆሟል።

«ማንንም ይቅር አልልም» አለችና እንቅልፍ ወሰዳት።