ዘጠነኛው ሐይቅ ለምን ዘገየ

ቀዛፊዋን ያደከማት መቅዘፉ አልነበረም። ክንድ ሲያድር ይበረታል። ያደከማት መደነቁ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በቀን አራት ጊዜ ጎብኚ ጭና የሐይቁ ሸንበቆ ጥግ ስትደርስ ሁሉም «ወይኔ! እዩት! እዩት!» ይላል። እሷም ዛሬ ገና እንዳየች ሰው «አዎ፣ ልዩ ነው» ማለት አለባት። የጀልባ ማኅበሩ ደንብ ተራ ቁጥር ሰባት «ጎብኚ ሲደነቅ ቀዛፊ ዝም አይልም» ይላል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ የገዛ አባቷ ናቸው፤ ደንቡን እራት ላይ ሳይቀር ይጠቅሱታል።

ለኪው ግን አልተደነቀም።

የመዝናኛ ቢሮው ነው የላከው። ዋናተኛ የት ድረስ መግባት እንደሚችል ምልክት ሊተከል ስለሆነ፣ የአካባቢው ዘጠኝ ሐይቆች ጥልቀት መታወቅ ነበረበት። ስምንቱን ከሌሎች ቀዛፊዎች ጋር፣ እያንዳንዱን በሁለት በሁለት ቀን ለክቶ፣ ለመጨረሻው፣ ለትንሹ፣ እሷ ደረሰችው። ጀልባዋ ላይ ወጣ። ሐይቁን አየ። አዛጋ።

«እንቅልፍ ከሆነ ዳር ላይ ጥላ አለ» አለችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። በሥራ ዘመኔ ይሄ አርባኛ ሐይቄ ነው። ሁሉም እርጥብ ናቸው።»

ሳታስበው ሳቀች። ሸንበቆው ውስጥ የነበሩ ወፎች ደንግጠው ተነሱ።

«ደግሞ "ያድርጉልኝ" የምትለው ማንን ነው?»

«ቀዛፊዋን አክብር፣ ከገለበጠችህ እኛ የለንበትም ተብዬ ነው የመጣሁት።»

«አንቺ በለኝ ባክህ። እርጅና ሳይጠሩት ይመጣል።»

ሥራው እንዲህ ነው፤ እሷ ጀልባዋን አጽንታ ትይዛለች፣ እሱ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበትን፣ በየሜትሩ ቀይ ጨርቅ የተቋጠረበትን ገመድ ይለቃል። ገመዱ ቀጥ ብሎ ከወረደ ቁጥሩ ይጻፋል። ጀልባዋ ከሸሸች ገመዱ ይዘምማል፤ ልኬቱም ይሰረዛል። እንዲህ አርባ ቦታ ላይ።

በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ሠላሳው አልቆ ነበር። ጀልባዋ ውሃ ላይ የቆመች ሳይሆን የተተከለች ትመስላለች።

«በዚህ አያያዝሽ ማታ ጨርሼ ነገ እሄዳለሁ» አላት። አባባሉ ግን የምሥራች አይመስልም።

ቀዛፊዋ ግራ መቅዘፊያዋን የጥፍር ያህል ብቻ ላላ አደረገችው። ገመዱ ዘመመ።

«ንፋስ ነው» አለች። አንድ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።

ለኪው ሸንበቆውን አየ፣ እሷን አየ። «ኃይለኛ ንፋስ ነው» አለና ቁጥሩን ሰረዘ።

እንግዲህ አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ፣ ያ ንፋስ ሦስት ሳምንት ነፈሰ። ጠዋት ይወጣሉ፣ ገመዱ ይወርዳል፣ ይረሳል። በፔዳል ጀልባ የሚዝናኑ ሙሽሮች እየተነታረኩ አጠገባቸው ያልፋሉ፤ ካሜራ ሲደገንባቸው ይተቃቀፋሉ፣ ካሜራው ሲወርድ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሁለቱ ግን ዝም። ዝምታው እሷን ከእንቅልፍ ይበልጥ ያሳርፋት ነበር።

«ቤትህ የት ነው?» አለችው አንድ ቀን።

«ቦርሳዬ ውስጥ። አሁን ደግሞ የቤቴ ዚፕ ተበላሽቷል።»

«አልደከመህም?»

«አንቺ ጋ እስክመጣ አላወቅኩትም ነበር።»

ዓይኗን ወደ ውሃው ሰበረች። ያን ቀን ጀልባዋ ከማንም ፈቃድ ውጪ በእውነት ሸሸች።

ችግሩ ለኪው በየሳምንቱ ለቢሮው የሚልከው ቅጽ ነው። «የመዘግየት ምክንያት» በሚል ርዕስ ሥር ሦስት ሳጥኖች አሉት፤ የአየር ጠባይ፣ የመሣሪያ ብልሽት፣ የቀዛፊ ጉድለት። አንዱን ምክንያት መድገም ክልክል ነው። ለኪው በመጀመሪያው ሳምንት አየሩን ወነጀለ፣ በሁለተኛው መሣሪያውን። በሦስተኛው የቀረው አንድ ሳጥን ብቻ ነበር። ማንም አያነበውም ብሎ ምልክት አደረገበት።

ቢሮው በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበ። ቀዛፊዋ ጀልባ አጽንታ መያዝ መቻሏን ከቢሮው በምትመጣው ኃላፊ ፊት ካላሳየች የቀዛፊነት ፈቃዷ ይሰረዝ የሚል ደብዳቤ ለማኅበሩ ደረሰ።

«የኔን ልጅ?» አሉ አባቷ። «ድክ ድክ ሳትል መቅዘፊያ ያስጨበጥኳትን?»

ቀዛፊዋ ለኪውን ወደብ ላይ አገኘችው።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ። ሌላ ሳጥን አልነበረም።»

«ለክቶ ጨርሶ መሄድ የሚባል ነገርም አለ እኮ!»

«እሱን ነው ያቃተኝ።»

ልትቆጣው ፈልጋ አቅም አጣች። ወደብ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እሱም ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ነገ ጀልባዋን አጽንተሽ ያዢ» አላት። «ውሸታምነቴ ይታወቅ።»

«የአንተስ ይታወቅ። አባቴ "ታዲያ ሦስት ሳምንት ምን ሆነሽ ነበር?" ሲለኝ ምን ልበል?»

አጽንታ ካልያዘች እንጀራዋ ይሄዳል፤ ከያዘች ልቧ አደባባይ ይወጣል።

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊዋ፣ አባቷና ለኪው ተሳፈሩ። ሐይቁ መሐል ደረሱ። ቀዛፊዋ መቅዘፊያዎቹን ጨበጠች። የማይደንቃትን ደንቆኛል፣ ያልነፈሰውን ነፍሷል ስትል ስንት ጊዜ ሆናት! ማስመሰል ከመቅዘፍ ይከብዳል። ዛሬስ አልችልም፣ አለች በሆዷ።

ጀልባዋ ቆመች። ገመዱ ቀጥ ብሎ ወረደ።

«አሥራ አንድ ሜትር ከሃያ» አለ ለኪው። ደገመ። ሠለሰ። ያው ነው።

ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀች። «ታዲያ ይሄ ጉድለት የማነው?»

«የኔ ነው። እሷ ላይ ሐሰት ጻፍኩ። መሄድ ስላልፈለግኩ ነው።»

አባቷ እሱን አላዩትም። የልጃቸውን እጅ ነበር የሚያዩት።

«አንቺስ?»

«እኔም፣ አባዬ።»

አባቷ ጭናቸውን መታ አደረጉ።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!» አሉ። «እኔ ሞኙ ደግሞ ንፋሱን ገስጽላት እያልኩ ሦስት ሳምንት ጸለይኩ!»

ኃላፊዋ ማስታወሻዋን ገልጣ ውሳኔዋን አሰማች። የቀዛፊዋ ፈቃድ ጸንቷል። ለኪው ግን ከመስክ ሥራ ታግዷል፤ ከሰኞ ጀምሮ ከወደቡ ጀርባ ባለው ቅርንጫፍ ቢሮ፣ የትም ሳይሄድ፣ ቅጽ ሲያርም ይውላል።

«ይሄን ቅጣት ትሉታላችሁ?» አሉ አባቷ። «እስቲ እኔንም ቅጡኝ።» ቀጥለውም ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ተነሺ፣ ቦታ ልቀቂ። ደክሞሻል።»

ተነሳች። አባቷ መቅዘፊያዎቹን ሊይዙ ከለቀቁት፣ ከለኪው አጠገብ ካለው በቀር ክፍት መቀመጫ አልነበረም። አጠገቡ ሆና ጥቂት እንደሄዱ አንገቷ ዘንበል አለ፤ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እሱም እንዳትነቃ ትንፋሹን ዋጠ።

ቀዛፊ ፊቱን ወደ ተሳፋሪ አዙሮ ነው የሚቀዝፈው። አባቷ እስከ ዳር ድረስ ሰማይ ሰማይ እያዩ ቀዘፉ።