ለእሳት ብቻ የሚደወል ደወል

በኛ ካውንቲ ሙታንም አይነጋገሩም፤ መቃብሩ መሃል ለመሃል በአጥር ተከፍሏል። የኦስተር ከተማ ሰዎች የካውንቲውን ፍርድ ቤት ከኛ ከተማ ከሃርዊክ ነቅለው በጋሪ የወሰዱት በአያቶቻችን ጊዜ ነው። እኛ ሃርዊኮች ግን ትናንት የተሰረቅን ይመስለናል።

ኔልዳ የኛ፣ ኤመት የነሱ። የተያዩት በግንቦት፣ መቃብር በሚጸዳበት ቀን ነው። ማጭዷ ዶለዶመባትና ቀና ስትል፣ የራሱን በአጥሩ ላይ አሳለፈላት። አልተነጋገሩም። ማጭድ ለመቀበል ግን ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም።

አባቷ ቨርጂል ሲሰማ፣ «የሌባ ዘር ደጄን ከረገጠ ውሻ ነው የምለቅበት» አለ። ኤመት ኔልዳን በስልክ ሊያገኛት ሲሞክርም ጆሮው ላይ ዘጋበት።

የኤመት እርሻ ድንበር ላይ ስለሆነ ከኛ ከሃርዊኮች ጋር የስልክ መስመሩ አንድ ነው፤ ያነሳ ሁሉ ይሰማል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ አደዋወል አለው። ረጅሙ ደወል ግን ለእሳት ብቻ ነው፤ ያኔ ሁሉም ያነሳል።

በነሐሴ አንድ ቀን ረጅሙ ጮኸ።

«እሳት አይደለም» አለ ኤመት። «ኔልዳ፣ በሌላ መንገድ ላገኝሽ አልቻልኩም። ታገቢኛለሽ?»

«አያትህ ፍርድ ቤት ሰረቀ፣ አንተ ደግሞ ደወል!» አለ አንድ የኛ ሰው በመስመሩ ላይ።

«እጄን ከሊጥ አስወጣኸኝ፣ አንተ ባለጌ» አለች ኤድና፣ ፖስታ ቤት የምትሠራው።

ስድቡ መስመሩን ሞላው። ኔልዳ አንዲት ቃል ተናገረች፤ ጫጫታው ዋጣት።

ቤታችን ከነኔልዳ ቤት ፊት ለፊት ነው። ቨርጂል ደወሉን ብቻ ሰምቶ ከበረት እየሮጠ ሲወጣ አየሁት።

«የደወለው የማን ቤት ነው?»

«የኤመት» አለችው ኔልዳ። አልዋሸችም።

ቨርጂል ጥርሱን ነከሰ። ለእሳት ግን እምቢ የሚል ሰው እኛ ዘንድ የለም፤ የውሃ በርሜሉን መኪናው ላይ ጫነ። ኔልዳ ገባች። እኔም ባልዲዬን ይዤ ዘለልኩ። እንዴት ልቅር?

ኤመት ደጁ ላይ ቆሟል።

«የታለ እሳቱ?»

«የለም፣ አቶ ቨርጂል። ልጅዎን ልጠይቅ ነው የደወልኩት።»

ቨርጂል አንድ ባልዲ ውሃ ሞልቶ አናቱ ላይ ገለበጠበት።

ኔልዳ ሽርጧን ፈትታ ለኤመት ዘረጋችለት። «እሺ ብዬህ ነበር እኮ። ሲሰድቡህ አልሰማኸኝም።»

«መኪናው ውስጥ ግቢ» አላት አባቷ።

«አባዬ፣ አንተ ደጁን ረገጥክ። እሱ ውሻ አልለቀቀብህም።»

ቨርጂል ያለ እሷ ተመለሰ። ሰርጉ ላይም አልተገኘም።

አጥሩ ዛሬም አለ። በየግንቦቱ ኔልዳ ከወዲያ ታጭዳለች፣ አባቷ ከወዲህ። ማጭዱ ሲዶለዱምበት ቀና ይላል፤ የሷን ታሳልፍለታለች።

ይቀበላታል። አያናግራትም። ማጭድ ለመቀበል ግን ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም።